ራዲያተር ስቀይር አንዲት ዳዶ ያሳየችኝ አበሳ

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

ራዲያተሬ የሚያፈሰው የፕላስቲኩ ጋን ከአልሙኒየሙ ጋር ከሚጋጠምበት ጠርዝ ነበር። መጀመሪያ ቀዳዳ ይደፍናል የተባለ ፈሳሽ ጨመርኩበት። ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ የራዲያተሩን የውሃ ጎማዎች ስነቅል ያገኘሁት ቡናማ ጭቃ ነው። ያንን ነገር ማንም ሞተሩ ውስጥ ባይጨምር እመክራለሁ።

ማውረዱ ቀላል ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ ኩላንቱን (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ) ቀዳሁ፣ ቬንትሌተሩን ከነሽፋኑ አወጣሁ። (ኩላንቱን መሬት ላይ አትድፉት። ስለሚጣፍጥ ውሻ ይልሰዋል፣ ይገድለዋልም።)

ከዚያ የካምቢዮው ዘይት ቱቦዎች መጡ። ብዙ አውቶማቲክ መኪና ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ስለሆነ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ይገቡበታል። የመኪናው መመሪያ «ቱቦዎቹን ይፍቱ» ብሎ ያልፈዋል። ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ እንደሚዝግ አንድ ቃል የለውም! እኔም አምኜው ተራ ክፍት መፍቻ አስገባሁ። ክፍት መፍቻ የሚይዘው ሁለት ጎን ብቻ ነው፤ ሁለቴ ስስበው ማዕዘኖቹ ተበልተው ዳዶው ክብ ሆነ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ተናድጄ በቱቦ ጉጠት ነክሼ አዞርኩት። ዞረ። ደስ ብሎኝ ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ቱቦውም አብሮ ዞሮ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል፤ ከእጥፋቱ ቀይ ዘይት ጠብ ጠብ ይላል። አዲስ ቱቦ እስካገኝ መኪናው አራት ቀን ቆመ። በመመሪያው ተናድጃለሁ፣ በራሴ ደግሞ ይብሳል።

ማድረግ የነበረብኝ ይህ ነው፦ ዝገት ማላቀቂያውን ከዋዜማው ማታ መርጨት፣ ከስድስቱ ጎን አምስቱን የሚይዘውን የቱቦ ዳዶ መፍቻ መጠቀም፣ ራዲያተሩ ላይ ያለውን መጋጠሚያ በሌላ መፍቻ ይዞ መፍታት። ዳዶው እምቢ ካለ ከማላላት በፊት ትንሽ ወደ ማጥበቅ መነቅነቅም ይረዳል።

መመሪያው የውሃ ጎማዎቹ ካልተሰነጠቁ መልሳችሁ ግጠሙ ይላል። አልስማማም፤ ሁሉም ነገር ተፈትቶ ሳለ ጎማውንም የሚያጠብቀውን ፋሼታም ቀይሩ።

ከተገጠመ በኋላ ኩላንቱ ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣቱ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው፦ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍቶ ማስነሳት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ማሞቅ፣ ቬንትሌተሩ ሁለቴ እስኪነሳ ኩላንት እየሞሉ መጠበቅ። የካምቢዮውን ዘይት ግን ሳትለኩ ከግቢ አትውጡ። የእኔ ካምቢዮ አንድ ሊትር ያህል ጎድሎበት ነበር።