ማን አገባ ብቻ?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለችው አቧራማ ሜዳ እሁድ እሁድ ጠዋት ኳስ እንጫወታለን። እኔ መሐል ተከላካይ ነኝ። ሰፈር ስትገባ "ማን አገባ?" ትባላለህ እንጂ ማን አዳነ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ይሄ ነገር ሁሌም ይከነክነኛል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ደጉ ደበበ ልጻፍ። የቅዱስ ጊዮርጊሱ ተከላካይ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ የዋልያዎቹ አምበል ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት የአፍሪካ ዋንጫ! ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፣ በ10 ሰው 1 ለ 1 ጨረስን። እስከ ዛሬ የሚወራው የአዳነ ግርማ ጎል ነው፣ ይገባዋልም። ግን ከጎሉ በኋላ እስከ ፊሽካው ድረስ ኳስ ሲገጩ፣ ሲጠርጉ፣ አጥቂ ሲጋፉ የቆዩትስ? ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን፣ ያን ቀን እራት አልበላሁም። ናይጄሪያን ግን እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ይዘናት ነበር፣ በሁለት ፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፍን። አጥቂ ቢስት ሌላ ዕድል ያገኛል። ተከላካይ አንዴ ከዘገየ አለቀ።

ባለፈው እሁድ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ተንሸራቶ ከመስመር ላይ ኳስ አወጣ። ታኬታው ተቀዷል፣ ጉልበቱ ተልጦ ደሙ ከአቧራው ጋር ተለውሷል። ማንም አላጨበጨበለትም። ሄጄ አቀፍኩት።

"ጋሼ፣ መስመሩን አልፋ ነበር እንዴ?" አለኝ።

"አላለፈችም" አልኩት።