«ታይም» ፊት የምትቀመጠው «ዘ»

የደንበኛ ጥሪ መመዝገቢያው ላይ «ደንበኛው ባለበት ስንት ሰዓት ነው?» የምትል ቦታ አለች። እሷ ካልተሞላች ቅጹ አይዘጋም። የማታ ተረኛው ይህችኑ ለመሙላት ደንበኛውን «ዱ ዩ ሃቭ ታይም?» አለው።

«ፎር ዋት?» አለ ደንበኛው።

ተረኛው ያልተሰማ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። ደንበኛው «ኖት ናው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቦታዋ ባዶ ቀረች።

ቅጂውን የሰማችው ኃላፊ ግምገማው ላይ «የቃላት አጠራር፦ ደካማ» ብላ ጻፈች። ይህ ፍርድ ልክ አልነበረም። አጠራሩ ጥርት ያለ ነው፤ ደንበኛውም በደንብ ሰምቶ ለተጠየቀው ጥያቄ በትክክል መልሷል። «ዱ ዩ ሃቭ ታይም?» ማለት «ጊዜ አለህ?» ነው። ሰዓት ለመጠየቅ «ዱ ዩ ሃቭ ዘ ታይም?» ማለት ያስፈልጋል። እኛ «ጊዜ» እና «ሰዓት» የሚሉ ሁለት ቃላት ስላሉን አይምታቱብንም፤ እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም «ታይም» ስለሚል እዚህ ላይ የሚለያቸው ያቺ «ዘ» ብቻ ነች። በፍጥነት ሲናገሩ ደግሞ ከ«ሃቭ» ጋር ተጣብቃ ስለምትዋጥ ቋንቋውን በጆሮው የተማረ ሰው በቀላሉ ያልፋታል።

«ዘ» ብትጨመርም ኖሮ ለዚህ ጥሪ የሚሻለው ሌላ ነበር። «ዱ ዩ ሃቭ ዘ ታይም?» ሰዓት ያልያዘ ሰው አጠገቡ ያለውን የሚጠይቅበት ነው። ራቅ ካለ አገር ያለን ሰው «ዋት ታይም ኢዝ ኢት ዌር ዩ አር?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ «አንተ ባለህበት» የሚለው ከተነገረ ማንም አይሳሳትም።

በማግስቱ ኃላፊዋ ለሁሉም ተረኛ ትክክለኛው ይሄ ነው ብላ ግድግዳው ላይ በትልልቁ ለጠፈች፦ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዋት ታይም ኢዝ ኢት?»

ይህም ስህተት ነው፤ ያውም ተረኛው ያልሠራው። «ኢዝ» ከ«ኢት» የሚቀድመው ጥያቄው ብቻውን ሲቆም ነው። ፊቱ ላይ «ኩድ ዩ ቴል ሚ» ወይም «ዱ ዩ ኖው» ከገባ ግሡ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዋት ታይም ኢት ኢዝ?» «ዳዝ» ያለበት ጥያቄ ይበልጥ ያስቸግራል። «ዋት ታይም ዳዝ ዘ ሺፍት ስታርት?» የሚለው ሲለዝብ «ዱ ዩ ኖው ዋት ታይም ዘ ሺፍት ስታርትስ?» ይሆናል። «ዳዝ» ትወጣለች፤ በእሷ ላይ የነበረችው «ስ» ወደ ዋናው ግሥ ትሄዳለች። ብዙ ሰው «ዳዝ»ን ሳያወጣ ይተዋታል፤ አውጥቶ ደግሞ «ስ»ን የሚረሳም አለ።

ጥያቄው ከተስተካከለ በኋላ መልሱም የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። እንግሊዛዊ ደንበኛ «ሃፍ ሰቨን» ካለ «ሃፍ ፓስት ሰቨን» ማለቱ ነው፤ 7:30። ጀርመንኛ ግን በዚያው አነጋገር 6:30 ይላል፤ ስለዚህ ጀርመናዊ ደንበኛ የአገሩን ልማድ ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ መልሱን በቁጥር መልሶ ማሰማት ነው፦ «ሰቨን ሰርቲ፣ ኢዝ ዛት ራይት?» ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ቀጠሮም ከሆነ «ባይ ፋይቭ» እና «አንቲል ፋይቭ» መለየት አለባቸው፤ የመጀመሪያው «እስከ 5:00 ድረስ ይለቅ»፣ ሁለተኛው «እስከ 5:00 ይቀጥል» ነው። አማርኛ ሁለቱንም «እስከ» ስለሚል ነው የሚያሳስተው።

ከሳምንት በኋላ ወረቀቱ ላይ «ኢዝ» እና «ኢት» በእስክሪብቶ ቦታ ተለዋወጡ። የተረኛው ግምገማ ላይ ያለው «የቃላት አጠራር፦ ደካማ» ግን ዛሬም እንዳለ ነው።