ሰፊ ክራውን በጠባብ ኢምፕላንት ላይ

የጥርስ ኢምፕላንት፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚቀበር ምሰሶ፣ የሚያስተክል ሰው ሐኪሙን አስቀድሞ የሚጠይቀው በምሰሶው ላይ ስለሚገጠመው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ስለ ክራውኑ ማቴሪያል ነው፤ ዚርኮኒያ ይሻላል ወይስ ፖርሴሊን? በባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሜካኒካል ምሕንድስና መመረቂያ ጥናቴን ስጀምር የያዝኩት ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ የክራውኑ ቅርጽ ሲለወጥ አጥንቱ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ምን ያህል ይለወጣል?

መነሻዬ በከተማዋ የሚሠሩ አንድ የጥርስ ሐኪም የሰጡኝ የታችኛው መንጋጋ የጂፕሰም ቅጂ ነው። የመጀመሪያው ትልቁ የመንጋጋ ጥርስ ጎድሎበታል። በካሊፐር ስለካው ጎረቤቱ ጥርስ ከጉንጭ ወደ ምላስ 10 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ሐኪሙ የሚተክሉት ኢምፕላንት ደግሞ ውፍረቱ 4.1 ሚሊሜትር ነው። ክራውኑ የጎረቤቱን ያህል ከሰፋ በሁለቱም ወገን 3 ሚሊሜትር ያህል ከምሰሶው ወጥቶ ይንጠለጠላል። ድልድይና ሰገነት ሲያሰላ የኖረ ሰው ይህን አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

የተፈጥሮ ጥርስ ቢሆን ነገሩ ይቀል ነበር። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ሩብ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ጅማት አለ፤ ስናኝክ ይለጠጣል፤ ጭነቱ ሲበዛም ነርቮቹ ያስጠነቅቃሉ። ኢምፕላንት ይህ የለውም። ስዊድናዊው ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ታካሚ ካከሙበት ጊዜ ጀምሮ የሕክምናው ብርታት ቲታኒየም ከአጥንት ጋር በቀጥታ መዋሐዱ ነው። ጭነት ሲመጣ ግን ያው ብርታት ማምለጫ ያሳጣዋል።

ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት በወረቀት አሰላሁ፤ ሌላውም ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ እመክራለሁ። 100 ኒውተን ኃይል 30 ዲግሪ ባዘነበለ የክራውን ጉብታ ላይ በቀጤ ነክ ቢያርፍ ወደ ጎን የሚገፋው ድርሻ 50 ኒውተን ነው። ንክሻው ከአጥንቱ 10 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ከሆነ የኢምፕላንቱን አንገት የሚያጥፈው ሞመንት (ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ) 500 ኒውተን ሚሊሜትር ይሆናል። ንክሻው ከመሃል 3 ሚሊሜትር ወደ ጉንጭ ሲወጣ ወደ ታች ከሚገፋው 86.6 ኒውተን ድርሻ ሌላ 260 ይመጣል፤ ሁለቱም ኢምፕላንቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያጋድሉት ይደመራሉ፤ 760። ጉብታውን ወደ 10 ዲግሪ ዝቅ አድርጌ ንክሻውን ከመሃል 1 ሚሊሜትር እስኪቀረው ሳስጠጋው ድምሩ ወደ 272 ወረደ። ማቴሪያሉ ሳይነካ፣ ኢምፕላንቱም ሳይወፍር! ቁመቱስ? አጥንቱ ሸሽቶ ንክሻው ከአጥንቱ ያለው ከፍታ 15 ሚሊሜትር ቢደርስ፣ 500 የነበረው 750 ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፋይናይት ኤለመንት የገባሁት፤ ክራውኑን፣ ክራውኑን ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያስረውን ብሎን፣ ኢምፕላንቱንና አጥንቱን በብዙ ሺህ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ውጥረት ማስላት ማለት ነው። ለቲታኒየም 110 ጊጋፓስካል፣ ለአጥንቱ ጠንካራ ቅርፊት 14 ገደማ፣ ለውስጠኛው ስፖንጅ መሰል አጥንት ከ1 ብዙም ያልራቀ ግትርነት ሰጠሁ። (መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስሌቱን በየእርከኑ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ መጻፍም ከጥናቱ ይቆጠራል።) ውጥረቱ የበዛበትን ቦታ የሚያሳየው ቀይ ቀለም የተሰበሰበው ኢምፕላንቱ ከአጥንቱ ብቅ በሚልበት አንገት ዙሪያ፣ ቅርፊቱ ላይ ነው፤ የታችኛው ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ግትሩ ቅርፊት ሸክሙን ቀድሞ ይቀበላል።

ከሁሉ በላይ የተማርኩት ያንን ቀይ ቁጥር እንደ ወረደ አለመቀበልን ነው። ሹል ማዕዘን ላይ ክፍሎቹ ባነሱ ቁጥር ከፍተኛው ውጥረት እየጨመረ ይሄዳል፤ መቆሚያ የለውም። ይህ የስሌቱ ጠባይ እንጂ የአጥንቱ አይደለም። ስለዚህ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብዬ በዙሪያው ያለውን አማካይ ወሰድኩ፤ ቅርጽን ከቅርጽ ማወዳደር እንጂ አጥንቱ ይህን ያህል ሜጋፓስካል ይሸከማል ብሎ መፍረድ የዚህ ሞዴል ሥራ አይደለም። ሞዴሉ አጥንትና ኢምፕላንት አንድም ክፍተት ሳይኖር ተጣብቀዋል ብሎ እንደሚነሳም መዘንጋት የለበትም።

ማቴሪያሉንም ፈትሻለሁ። ዚርኮኒያውን በአክሪሊክ ስተካው የክራውኑ የራሱ ውጥረት ተለወጠ፤ የአጥንቱ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። በዝግታ በሚያርፍ ጭነት ይህ አያስገርምም፤ ክራውኑ ከምንም ይሠራ፣ ከላይ የገባው ኃይል በአንገቱ ማለፉ አይቀርም።

ውጤቱን ሳሳያቸው ሐኪሙ ወረቀቱን ገለባበጡና፣ "ታካሚዬ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ቆሎ ይወዳሉ። ጠባብና ልሙጥ አድርጌ ብሰጣቸው በምን ይፈጩታል? በጎኑ የሚሰገሰገውንስ ማን ያወጣላቸዋል?" አሉኝ። ኮምፒውተሬ ምግብ መሰግሰጉን አያውቅም። ተነጋግረን ስፋቱን 8 ሚሊሜትር አደረግነው፤ ጉብታዎቹ ዝቅ አሉ እንጂ አልጠፉም፤ አንገቱም ብሩሽ እንዲያልፍበት ቀስ እያለ እንዲሰፋ ሆነ።

ክራውኑ በተገጠመ ዕለት ሐኪሙ ሰማያዊውን የንክሻ ወረቀት በጥርሶቹ መካከል አስገብተው፣ "አባቴ፣ ግጥም አድርገው ይንከሱ፤ አሁን ወደ ጎን ያፋጩ" አሏቸው። ወረቀቱ ሲወጣ ክራውኑ መሃል ላይ አንድ ነጥብ፣ በጉንጭ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ደግሞ ቀጭን ጭረት ታየ። ጭረቱ በወረቀት ካሰላሁት የጎን ግፊት ሌላ አይደለም። ሐኪሙ ነጥቡን ትተው ጭረቱን እስኪጠፋ ሞረዱት። ለጊዜው ቆሎውን በሌላኛው ጎን እንዲያኝኩ ሲመክሯቸው ግን አዛውንቱ ሳቁ። "በዚያኛው ጎንማ ምን ጥርስ አለኝ?"

ቀጣዩ ስሌቴ በአንድ ጎን ብቻ ለሚያኝክ ሰው ነው፤ ጭነቱ ከ100 ኒውተን ከፍ ይላል፤ የሚመላለስ ጭነት ብሎኑን እንዴት እንደሚያላላውም አብሮ ይታያል።