«አንቺ» ያለቻት ሌሊት

እናቴን «አርፈሽ ተቀመጪ» ያላላት ሰው የለም። ጎረቤት ብሏታል፣ ሐኪም ብሏታል፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ብያታለሁ። እሷ ግን ያረፈችው በ91 ዓመቷ ነው፤ ያውም እግዚአብሔር ሲጠራት።

ዛሬ የምመሰክረው ስለ ረጅም ዕድሜዋ አይደለም። ለእሱም ተመስገን። የምመሰክረው 35 ዓመት ሙሉ ስለጸለየችው አንድ ጸሎት ነው። መልሱ የመጣበትን መንገድ እኔ ራሴ ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ ዝጋው» ስል ነበር። ይሄን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

አባቴ ሲሞት እናቴ 34 ዓመቷ ነበር። ሦስት ልጆች ነበርን። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ አራት ልጆች ያሏቸው ሰው አገባች። እኛ «ጋሼ» አልናቸው። «አባባ» አፋችን ላይ አልመጣ አለ፤ እሳቸውም አላስገደዱንም። ሰባት ልጆች፣ አንድ ቤት፣ አንድ መታጠቢያ ቤት። ጠዋት ጠዋት የነበረውን ጩኸት ለማንም አልመኝም።

የጋሼ ትልቋ ልጅ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። እናቴን አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። ችግሩም ይሄ ነበር። «እርስዎ» ነበር የምትላት። «ደከመዎት?» «ይቀመጡ።» «እኔ ላንሳልዎት።» እንግዳ ሲሰማ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያለ ያደንቃል። እኛ «አንቺ» እያልን እናታችን ላይ እንጮሃለን፣ እናኮርፋለን፣ ተመልሰን ቀሚሷ ውስጥ እንገባለን። እሷ ግን አትጮህም፣ አታኮርፍም፣ አትጠጋም። ታናናሾቿ በዓመት በሁለት ዓመት «እማዬ» ማለት ለመዱ። እሷ በ«እርስዎ»ዋ ጸናች።

እናቴ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ተንበርክካ የሁላችንንም ስም እየጠራች ትጸልይ ነበር። በዕድሜ ቅደም ተከተል ነው የምትጠራን፤ የማን ልጅ መሆናችን ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠራው ያችን «እርስዎ» የምትላትን ልጅ ነው። እኔ አምስተኛ ነበርኩ። በ9 ዓመቴ አላስቻለኝም። «የወለድሽው እኮ እኔን ነው፣ ለምን አታስቀድሚኝም?» አልኳት።

«ታዲያ ቀድመሽ መወለድ ነበረብሽ» ብላኝ ሳቀች።

ጸሎቱ ሁልጊዜ የሚዘጋው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «የማን ልጅ እንደሆኑ እስኪጠፋቸው ድረስ አንድ አድርጋቸው።»

ስለ እናቴ ድፍረት ብዙ ማውራት እችላለሁ፣ ግን ላሳጥረው። በ44 ዓመቷ በትንሹ ወንድሜ ብስክሌት መንዳት ተማረች፤ ጉልበቷን ስድስት ቦታ ተሰፋች፤ ክሩ በወጣ ማግስት ተመልሳ ወጣችበት። በ58 ዓመቷ ዋና ልማር ብላ ከስድስትና ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ተመዘገበች። አሰልጣኙ ስም ሲጠራ ከሕፃናቱ መሃል «አቤት!» ትላለች አሉ። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ጸሎቴም «አምላኬ፣ እባክህ እቺን ሴትዮ አንድ ቦታ ቁጭ አድርግልኝ» ነበር።

ጋሼ ሲሞቱ እናቴ 63 ዓመቷ ነበር። ቤቱ ይሸጥ አይሸጥ በሚል ተጣላን። ዝርዝሩን አልጽፈውም፤ ያው የውርስ ጠብ ሁሉ አንድ ነው። ሰባት የነበርነው አራትና ሦስት ሆንን። እኔና ትልቋ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጥንም። እሷ እናቴን መጠየቅ አላቋረጠችም፤ ግን እኔ የሌለሁበትን ቀን መርጣ ነው የምትመጣው። አሁንም «እርስዎ» እያለች።

71 ዓመት ሲሞላት እናቴ «ሲና ተራራ መውጣት እፈልጋለሁ» አለች። ሙሴ ሕጉን የተቀበለበትን። ስኳር አለባት፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ተራራው ደግሞ ተራራ ነው። «አይሆንም!» አልኳት። ጾሜም ጸለይኩ፤ ቪዛው እንዲከለከል። (እንዲህ ያለም ጸሎት አለ።) እሷ ምን አደረገች? ለትልቋ ደወለች። ትልቋ ነርስ ናት። «እሺ፣ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለቻት።

ያኔ ቅናት ያዘኝ። ፍቅር ነው ብል ዋሸሁ። ሻንጣዬን ሸክፌ ተከተልኩ።

የቅድስት ካትሪን ገዳም ተራራው ሥር ነው ያለው፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዩስቲንያኖስ ያሠራው። ንጋቱን ጫፍ ላይ ሆኖ ለማየት የሚነሳው ሰው በሌሊት ነው። እኛም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከአንድ የአገሩ መሪ ጋር ተነሳን። እናቴ ግመል ላይ ወጣች። ግመል ሲነሳ የኋላ እግሩን ነው የሚያስቀድመው፤ ሰው ወደ ፊት ሊደፋ ይደርሳል። እኔ ጮህኩ። እሷ እንደ ልጅ ሳቀች። ከእኔና ከትልቋ መሃል ግመሉ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቃል ሳንለዋወጥ ሄድን።

ግመል የሚሄደው እስከ አንድ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ 750 የሚጠጉ የድንጋይ ደረጃዎች ይቀራሉ፤ በእግር ነው። እናቴ ደረጃውን ስትጀምር ደህና ነበረች። ጥቂት እንደወጣን ቆመች። «ብስክሌቴን የት አደረጋችሁት?» አለች።

እየቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ።

ትልቋ አልሳቀችም። ጓንቷን አውልቃ እጇን እናቴ አንገት ላይ አደረገች። አጥንት በሚሰብረው ብርድ አንገቷ በላብ ርሷል። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ማታ በልተዋል?» አለቻት። እናቴ አልመለሰችም። እኔ ነኝ የመለስኩት፦ የስኳር ኪኒኗን ውጣለች፣ ራት ግን አልበላችም፤ ከደስታ ብዛት «አልራበኝም» ብላ ነበር። እኔም ዝም አልኳት። ለካ ኪኒኑ ተውጦ ምግብ ሲዘለል ስኳር ይወርዳል። የወረደ ስኳር ደግሞ ቶሎ ካልተደረሰለት ራስን ያስታል፣ ይገድላልም።

«መብራቱን ያዢልኝ» አለችኝ። ስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ያዝኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ብርሃኑ ይዘላል። ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ወረቀቱን በጥርሷ ቀደደችው። እናቴ ጥርሷን ነክሳ ፊቷን አዞረች፤ በዚያ ሁኔታ ሰው እልኸኛ ይሆናል። ያኔ ትልቋ ጮኸች፦

«እማዬ! አፍሽን ክፈቺ! አላምጪው፣ እማዬ፣ እባክሽ አላምጪው!»

አፍሽን። ክፈቺ። እኔ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኜ እንኳ ሰማሁት። መጸለይ ፈልጌ «ጌታ ሆይ» ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። ኪኒን የሚውጥ ቤተሰብ ላላችሁ ይጠቅማልና የሠራችውን ልንገራችሁ፦ 15 ግራም ያህል ስኳር ሰጥታ 15 ደቂቃ ጠበቀች፤ ያልተሻላት ሲመስላት ደገመች። ይሄ የሚሠራው ሰውየው መዋጥ ከቻለ ብቻ ነው። መሪያችን ሮጦ ወርዶ መንገድ ላይ ካለችው የድንጋይ ጎጆ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዞ መጣ። እናቴን መሃላችን አስገብተን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቀለልን።

ቀስ በቀስ ዓይኗ ተመለሰ። ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ወደ ትልቋ ዞራ «ቅድም ምን አልሽኝ?» አለች።

«ምን አልኩ?»

«አንቺ አልሽኝ።»

ትልቋ አቀረቀረች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ይቅርታሽን ውሰጂው» አለቻት እናቴ፤ «አንቺውን ግን ተይልኝ።»

የ50 ዓመት ሴት ጉልበቷ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «እናቴን አንቺ እያልኳት ነው የሞተችብኝ» አለች። «ሌላ ሰው አንቺ ብል ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ።» 35 ዓመት እንደ ኩራት ያየሁት ነገር ይሄ ነበር። ምን ልበል? እጇን ያዝኳት። እንዳትለቀኝ ፈራሁ፤ አልለቀቀችኝም።

ጫፍ አልደረስንም። ተራራው 2,285 ሜትር ነው፤ እኛ ያየነው ንጋት የደረጃውን ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ እንደ ጡብ ቀይ ሆነ። እናቴ ሻይዋን እየጠጣች ኤልያስን አነሳች። 1ኛ ነገሥት 19 ላይ መልአክ ቀስቅሶ «ተነሥተህ ብላ» ያለው፣ ከዚያ 40 ቀን ተጉዞ እዚሁ ኮሬብ የደረሰው። «ኤልያስስ ቢሆን ሳይበላ መቼ ወጣ?» አለች። «የኔ ጥፋት ነው።» እናቴ ጥፋቷን ስታምን ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጠቡ በአንድ ሌሊት አለቀ አልልም። ቤቱ ሳይሸጥ እንዲቆይ ለመስማማት ወራት ወሰደ። ሁለቱ ወንዶች ለመነጋገር አራት ዓመት ፈጀባቸው፤ አሁንም ሲገናኙ ስለ ኳስ ብቻ ነው የሚያወሩት። እኔና ትልቋ ግን ከዚያ ወዲያ ሳንደዋወል የዋልንበት ቀን ጥቂት ነው። እናቴም ተጨማሪ 20 ዓመት ኖረች። ቁጭ አድርጋት ያልኩት ጸሎት ግን እስከ መጨረሻው አልተመለሰም፤ በ80 ዓመቷ ጣሪያ ላይ አግኝቻታለሁ፣ የሚያፈስበትን ቦታ ልታይ ወጥታ።

በመጨረሻዋ ማታ ሰባታችንም አልጋዋን ከበን ነበር። መናገር አቅቷታል፤ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል። ትልቋ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። «ስማችንን እየጠራች ነው» አለች። ከንፈሯ ሲቆም ትልቋ ከቆመችበት ቀጠለችላት። ሦስተኛው፣ አራተኛው። ከዚያ የእኔን ስም ጠራች፤ ከዚያ የስድስተኛዋን፣ የሰባተኛውን። መጨረሻ ላይ እናቴን «ሰምተሻል አይደል?» አለቻት።