ማኅበሩና የሚያንኮራፋው ፓምፕ

ጓደኛዬ አገር ለቆ ሲሄድ አኳሪየሙን ከነኤንጅልፊሾቹ አሸክሞኝ ሄደ። ወርዱ ጠባብ፣ ቁመቱ 80 ሳንቲሜትር። ማጣሪያው ተበላሽቶ ስለነበር ዓሣ ሻጩን ስጠይቀው፣ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠለውን አንስቶ “ይሄ ለሁሉም ይሆናል” አለኝ።

ሆነም፤ ለላይኛው ግማሽ። መምጠጫው አጭር ስለሆነ የላይ የላዩን ውሃ ሲያሽከረክር ይውላል። ታች የምግብ ትርፍራፊውና ኩሱ ተደላድሎ ተቀምጧል። ረጅም አኳሪየም ጣጣው ይሄ ነው። ከአየር ጋር የሚገናኘው የውሃ ገጽ ትንሽ ነው፤ ውሃውን ከታች ወደ ላይ የሚያንቀሳቅስ ነገር ከሌለ ታች ኦክስጅን ያጥራል።

ስለዚህ ወደ ስፖንጅ ማጣሪያ ዞርኩ። ስፖንጁ ታች ይቀመጣል፣ ፓምፕ በቀጭን ጎማ አየር ይልክለታል። አረፋው ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ ውስጥ ይስባል፤ ከኩሱና ከትርፍራፊው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚሰብሩት ባክቴሪያዎችም እዚያው ይራባሉ። ትንሹ ፓምፕ ግን ጥልቀቱ ከበደው። አንድ አረፋ፣ ዝም። ደግሞ አንድ አረፋ። ጉልበተኛ ገዛሁ። ጉልበተኛው ደግሞ ያንኮራፋል።

“ይሄ የሚያንኮራፋ ነገር ከዓይኔ ይጥፋ! ነገ ማኅበር አለብኝ” አለች እማዬ።

“እማዬ፣ ፓምፑ ከውሃው በላይ ነው መቀመጥ ያለበት።”

“ዓሣው የአንተ፣ ቡፌው የእኔ!”

ፓምፑ ከቡፌው ጀርባ መሬት ላይ ተወሸቀ።

ሌሊት መብራት ጠፋ። የሚገፋው አየር ሲቆም ውሃው በጎማው ተመልሶ ይወጣል። አኳሪየሙ እስከ አፉ ከሞላ ደግሞ ጠርዙን ይሻገራል። አንዴ ቁልቁል ከጀመረ በቃ፤ ቤንዚን በጎማ ስበው የሚቀዱ ሾፌሮች ያውቁታል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ለጸሎት ተነሳች፤ በባዶ እግሯ። “በስመ አብ!” ስትል ሰማሁ። ጸሎት የጀመረች መስሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ። ቀጥሎ ስሜ ከነአባቴ ተጠራ።

ለማኅበሩ ታጥቦ የተነጠፈው ምንጣፍ ሲረግጡት ጨቅ ጨቅ ይላል። ኤንጅልፊሾቹ በቀረችው ውሃ ተጠጋግተው ያዩናል። ደግነቱ ዲቫይደሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ጠዋት ጎማው ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክል ትንሽ ቫልቭ ገባ። ፓምፑም በክብር ቡፌው ላይ ወጣ። እማዬ ዳንቴል አለበሰችው።

ከማኅበርተኞቹ አንዷ ጠላቸውን ይዘው ጆሯቸውን አስጠጉና፣ “ሬዲዮናችሁ ጣቢያ አልያዘም መሰለኝ፤ እስቲ አስተካክሉት” አሉ።