ቅዳሜ ማለዳ፣ ቦዬ ዳር

አሸዋ ላይ ተጋድሞ የባሕር ወፍ መመልከት ለእኔ ለጅማው ሰው የቴሌቪዥን ነገር ነው። እኛ ያለን ቦዬ ነው፤ ከከተማው ጥግ ያለው ረግረግ። ቅዳሜ ማለዳ ባጃጅ ይዤ ወረድሁ። በአሸዋ ፈንታ ጫማዬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ የዋጠ ጥቁር ጭቃ ተቀበለኝ። (እናቴ ቦቲ ጫማ አድርግ ብላኝ ነበር።)

ጭጋጉ ሳይገፈፍ ሁለት ባለ ዘውድ ሽመላዎች ከቄጠማው መሃል ብቅ አሉ። ጥቁር ገላ፣ ከላይ ነጭ ከታች ቀይ የሆነ ጉንጭ፣ አናታቸው ላይ እንደ ገለባ የቆመ ወርቃማ ላባ። አንዱ እግሩን አነሣና ሣሩን ደበደበ፤ ፌንጣ ዘለለ፤ ጎንበስ ብሎ ለቀመው። ደግሞ ደበደበ። ከሽመላ ዘመዶቻቸው ተለይተው ዛፍ ላይ ማደር የሚችሉት የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ነው፤ ቅርንጫፍ ይጨብጡበታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ወፎች ተመድበዋል። የቦዬን አፈር ለጡብ ሲቆፍሩት ሳይ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።

ጠጋ ልል ስል ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከኋላዬ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ከዚያ አይለፉ! ጉማሬ አለ!»

አላለፍሁም። አንድ እግር ጫማዬ ግን እዚያው ቀረ።