2147483647 እና የጥምቀት ጠዋት

ይሄን ቁጥር በቃሌ ነው የማውቀው፣ ወድጄ ግን አይደለም። የዛሬ ስንት ዓመት ለአንድ የጅምላ መደብር የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሰርቼ ነበር፣ ነጥብ ምናምን እንዳያስቸግረኝ ብዬ ብሩን ሁሉ በሳንቲም አስቀመጥኩት፣ ጎበዝ መሆኔ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ሂሳብ ሰራተኛዋ ደወለች፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ ከመቼ ወዲህ ነው 21 ሚሊዮን ብር ዕዳ ያለብን?» አለችኝ። ለካ ድምሩ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም ሲያልፍ ተገልብጦ ኔጌቲቭ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኮምፒውተሩ ለቁጥሩ የሰጠው 32 ቢት ነው (ቢት ማለት 0 ወይ 1 የሚይዝ አንድ ቦታ ነው)፣ አንዱ ለምልክቱ ሲሄድ 31 ይቀራል፣ 31 ሁለቶችን አባዝተህ አንድ ስትቀንስ 2147483647 ይመጣል፣ በቃ ጣሪያው እሱ ነው። አንዲት ሳንቲም ስትጨምርበት −2147483648 ይልሃል።

የሚገርመው ግን ቁጥሩ ከኮምፒውተር በፊትም ዝነኛ ነበር። ፕራይም ነው፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ይሄን ያረጋገጠው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 እ.ኤ.አ. ሌላ የሂሳብ ሊቅ ለሆነው ለበርኑሊ በደብዳቤ ጽፎለታል፣ ያኔ ደግሞ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር! በተራ መንገድ ከሆነ እስከ 46340 (የቁጥሩ ስኩዌር ሩት እዛ አካባቢ ነው) ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ መሞከር አለብህ። እሱ ግን አካፋይ ካለው ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል የግድ 1 ወይ 63 መትረፍ አለበት ብሎ አሳየ፣ ስለዚህ ስራው ቢበዛ ወደ 372 ማካፈል ወረደ። እኔም አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ በወረቀት ሞከርኩት፣ የመጀመሪያው 311 ነው፣ 35 ተረፈ፣ ቀጥሎ ያለው ፕራይም 1303 ነው፣ 226 ተረፈ፣ ከዛ መብራት መጣ ተውኩት።

ደግሞ በ1073741824 ስታባዛው 2305843008139952128 ይሰጥሃል፣ ይሄ ልክ እንደ 28 (1+2+4+7+14) ከራሱ የሚያንሱ አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ቁጥር ነው። ባርሎ የሚባል እንግሊዛዊ በ1811 እ.ኤ.አ. ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም ብሎ ጻፈ፣ ለምን ቢባል ለምንም አይጠቅምማ፣ ማን ይለፋበታል። በ1876 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሉካስ 127 ሁለቶች ተባዝተው አንድ ሲቀነስ ፕራይም እንደሚመጣ አሳየ፣ ከሱም የሚበልጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ስለሚወጣ አፉን አስያዘው፣ አለመጥቀሙን ደግሞ የእኔን ሂሳብ ሰራተኛ ይጠይቃት።

አሁን ወደ ጥምቀት። ብዙ ኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 1970 ጀምሮ ሰከንድ እየደመረ ነው፣ የቆዩት ሲስተሞች ደግሞ እሱንም በ32 ቢት ነው የያዙት። 2147483647ኛው ሰከንድ መቼ እንደሚደርስ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሬ ሳየው ክው አልኩ፣ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። በቃ የጥምቀት ዕለት ማለዳ፣ ህዝቡ ጃንሜዳ ጸበል ሊረጭ ሲጠባበቅ። ከዛ አንድ ሰከንድ ሲጨመር ያልተስተካከለ ማሽን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ይልሃል፣ አጤ ምኒልክ ዙፋን ላይ እያሉ ማለት ነው።

የመደብሩን ሶፍትዌር ብሩን ያኔውኑ ወደ 64 ቢት ቀይሬዋለሁ። ቀኑን ግን እስካሁን አልነካሁትም።